የዋንዛው መንበር

ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስማቸውን አላውቅም። ሁልጊዜ ያው ቡኒ ኮት፣ ከላዩ ነጠላ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ በቢላዋ የተቀረጸ የአናጢ እርሳስ። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር የለውም። ሕዝቡ ሲሰግድ እሳቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ የመቅደሱ መጋረጃ ገለጥ ሲል ታቦቱ የሚያርፍበትን መንበር ለማየት ነው። መጋረጃው ቶሎ ይመለሳል። ፊታቸውም አብሮ ይጨልማል።

አክብሮት የጎደላቸው መስለውኝ ታዝቤያቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ከቄሱ ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አባቴ፣ ስትቀድሱ መንበሩ ድምፅ አያሰማም?»

«የምን ድምፅ?»

«የመሰንጠቅ። ከአሰንዳቦ የመጣው ወዴሳ፣ ዋንዛው ማለቴ ነው፣ እርጥብ ነበር። ንግሥ ደረሰ ብለው አጣደፉኝና ሳይደርቅ ሠራሁት። አንዴ ብቻ ገብቼ እግሩን ብዳብሰው?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። ደግሞስ ሜሮን ከተቀባ በኋላ ከካህን በቀር ማን ይነካዋል? እርስዎ ይህን አጥተውት ነው?»

«አላጣሁትም አባቴ» አሉና መስቀሉን ተሳለሙ።

አሁን በጋ ነው፤ እርጥብ የተሠራ እንጨት የሚሰነጠቅበት ጊዜ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ስሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሳቸው ግን በመቅደሱ ጀርባ ዞረው፣ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይቆማሉ። በዚያ የሚያልፉ ሴቶች ጸሎት ላይ ያሉ ስለሚመስላቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።