የልኬን ዱላ የያዝኩበት ገና

ባለፈው ሳምንት ለዘገባ ወደ አንድ የጎልፍ ሜዳ ሄጄ ነበር። አንድ ጀማሪ ወጣት የባለሙያዎችን ጫፈ ቀጭን የብረት መምቻ ገዝቶ መጥቷል። ደጋግሞ ይሰነዝራል፤ ኳሷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። አሰልጣኙ ጫፉ ሰፋ ያለ መምቻ ቢያቀርብለት "ይሄማ የጀማሪ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ። መልሱን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከዚህ ያልተለየ ነገር ተናግሬአለሁ።

የእኛ ጨዋታ ገና ነበር፤ ሩር የምትባለውን የእንጨት ኳስ በቆልማማ ዱላ እየመቱ ከተጋጣሚ ወሰን ማሳለፍ። የምንጋጠመው ከወንዝ ማዶ ልጆች ጋር ነው። የተሸነፈ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ገበያ በወጣ ቁጥር በግጥም ይሰደባል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የተሰደብነው በእኔ ጥፋት ነበር። የመጨረሻዋ ሩር እግሬ ሥር ደርሳ፣ ከጣርማ በር ያስመጣሁት የወይራ ዱላ ነፋሱን ብቻ ቀዝፎ አለፈ። አዲሱ ዓመት ሲገባ የቡድናችን አለቃ ተሾመ ቁርጡን ነገረኝ።

"ዘንድሮ አንዴ ብትስት፣ ወጥተህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ትቀመጣለህ።"

በዓሉ ሲቃረብ ሞፈርና የመጥረቢያ እጀታ ወደሚጠርቡት ጋሼ ሰይድ ሄድኩ። የሽንኩርት ወቅት ስለነበር በአስፋልቱ ዳር የተደረደረው ጆንያ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

"ጋሼ፣ ካምናው የከበደ ወይራ ይጥረቡልኝ።"

እሳቸው ከጎረቤት ጆንያ ሽንኩርት አንስተው መሬት ላይ አንከባለሉ። "ምታ!"

አምስት አንከባለሉልኝ፤ በያዝኩት የአምናው ወይራ ሦስቱን ሳትኩ።

"ወላሂ፣ ዱላው ምንም አላጠፋም" አሉ እየሳቁ። "ወይራ ለማይስት ሰው ነው። ላንተ ቀለል ያለ፣ መምቻው ሰፊ ዋንዛ ነው የሚሆንህ።"

"እሱማ የልጅ ነው፣ ጋሼ። ይስቁብኛል።"

"አምና አልሳቁብህም?"

ዋንዛውን ይዤ ተመለስኩ።

በገና ዕለት ማሽላው ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ተሰለፍን። ተሾመ ዱላዬን አየና "ገንፎ ልታማስልልን ነው?" አለ። ከማዶ አንዱ ተቀብሎ "ቅቤውንስ ማን ያዘ?" ሲል ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጆሮዬ ጋለ፤ ዱላውን ግን አልቀየርኩም።

እኩል ለእኩል እንደሆንን ፀሐይ አዘቀዘቀች። ድንገት ሩሯ ከዱላው ትርምስ አምልጣ፣ በአገዳው ጉቶ ላይ እየነጠረች ወደ እኔ መጣች። እውነቱን ልናገር፣ በትክክል አልመታኋትም። ያገኘኋት ጠርዙ ላይ ነው። ወይራው ቢሆን ስቼያት ነበር፤ የዋንዛው ስፋት ግን ለስህተቴም ቦታ ነበረው። ሩሯ በተከላካዮቹ እግር መካከል ሾልካ ወሰኑን አለፈች።

ተሾመ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ፣ ሰፈራችን በሙሉ እየዘፈነ ወደ ወንዙ ወረደ፦

"ገንፎ ነው ብላችሁ ስትስቁ ስታፌዙ፣
በማማሰያችን ወንዝ ማዶ ተጓዙ!"

በነጋታው ወይራ ይገባኛል ብዬ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። "ከርሞ አምስቱንም ስትመታ" አሉኝ። በዓመቱ አራት መታሁ። ዋንዛውን ይዤ ገባሁ፤ ደግመን አሸነፍን።

ዛሬ በዜና ክፍላችን ወጣቶቹ ረጅምና ያጌጠ ዓረፍተ ነገር ይወዳሉ፤ በእኔ አጫጭር መስመሮችም ይቀልዳሉ። ረጅሙን የሚችል ይጻፈው። እኔ የማልስተውን አውቃለሁ፤ አጭሩ መስመሬም አንባቢዬ ዘንድ ይደርሳል።