አባቴና የግመሉ መድኃኒት

በቤታችን ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ከመካነ ሰላም አቀስታ ድረስ ብሄድ እንኳ ቄሱ አባቴ መስቀል ሳያሳልሙኝ ሚኒባስ አልሳፈርም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ለእረፍት በመጣሁበት ክረምት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ በጥንቃቄ ነበር የመለስኩት።

«ዕጢ ለማደግ ደም ይፈልጋል፤ ደም ስሮች ወደሱ እንዲያድጉ መልእክት ይልካል» አልኳቸው። «እኛ መልእክቱን መንገድ ላይ ይዞ የሚያስቀር ነገር እንሠራለን። ሰውነት በሽታን የሚዋጋበት ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ የሱ ቁራጭ ነው። ሙሉው ዕጢው ውስጥ አይዘልቅም፤ ቁራጩ ግን ሾልኮ ይገባል።»

«ቁራጩ ከምን ይገኛል?»

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም። «ከግመል ደም» አልኩ።

አባቴ ያፈሱትን ቆሎ ወደ ሰፌዱ መለሱ። እኔን ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤታችን፣ የቁርአን አስተማሪው ሸህ፣ ግን ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«አልሐምዱሊላህ፤ እናንተ የተጸየፋችሁት እንስሳ መድኃኒት ሆኖ መጣ» አሉ። ሸሁ ራሳቸው ደጋ ተወልደው ደጋ ያረጁ ናቸው፤ የግመል ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ቢሆንም ኮሩ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን የወሰደ ሰው ይቆርባል?» ሲሉ እኔን ጠየቁኝ።

ከግመሉ የወሰድነው ንድፉን ብቻ እንደሆነ፣ ቁራጩን የሚያመርቱልን ባክቴሪያዎች እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«ባክቴሪያስ ይበላል?»

«እርጎ የሚያረጋው ዘመዱ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያ አባ፣ ዘመዱን ሲጠጡት ኖረዋል» አሉ ሸሁ።

አባቴ አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ስለ ግመል አላነሱም፤ የመሄጃዬ ቀን በቀረበ ቁጥር እኔ ጨነቀኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ያልመረቁትን ሥራ በምን እጄ እንደምነካው አላውቅም ነበር።

የሄድኩ ዕለት ሁለቱም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሲጭን አባቴ መስቀላቸውን አወጡ፤ ከማሳለማቸው በፊት ግን ቆም አሉ።

«እናትሽ በዕጢ ስትሠቃይ ይህ ነገር ኖሮ ቢሆን» አሉ፣ «ቆላ ወርጄ ግመሉን እኔው ጎትቼ አመጣው ነበር።»

«እኔም ከኋላ እነዳልዎት ነበር» አሉ ሸሁ።

አባቴ ግንባሬን በመስቀል ነኩ። «የያዝሽው ይባረክ፤ ግመሉም ጭምር» ብለው መረቁኝ። ሸሁ «አሚን» አሉ፤ እኔም እያለቀስኩና እየሳቅኩ ተሳፈርኩ።