የሦስት ዋስ ሽጉጥ

ትንሽ ሪቮልቨር፣ ጥይት ጎራሹ የሚሽከረከረው ሽጉጥ፣ ለሽማግሌና ለጀማሪ ይመቻል የሚባለው ውሸት ነው። የሽጉጥ ነጋዴ ይለዋል፣ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ የሚለጥፈው ሁሉ ይለዋል፣ ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅም በሙሉ ልብ ይለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ይቀልላል፤ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ እጅ ላይ ክፉኛ ይራገጣል። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ቃታው ደግሞ ኪስ ውስጥ እያለ በስሕተት እንዳይሳብ ተብሎ ጠንካራ ተደርጓል። ለደካማ እጅ ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ጠንካራ እጅ የሚፈልግ ዕቃ ነው።

ይህን የማውቀው ሽጉጥ ወዳጅ ስለሆንኩ አይደለም። ሥራዬ ፍርድ ቤት ማስተርጎም ነው፤ ሽጉጥ የማየው በፎቶግራፍ ነው፣ ከጎኑ የማስረጃ ቁጥር ተለጥፎበት። ያወቅኩት ባለፈው የበረዶ ወራት ለአንድ ሽማግሌ የኪስ ሽጉጥ ስመርጥ ነው። እዚሁ ቶሮንቶ፣ እንደ እኛ ያለ ሰው ሽጉጥ ይዞ መንገድ መውጣት በማይፈቀድለት አገር።

ሽማግሌው ዌስተን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ሁለት አውቶቡስ በሚያስኬድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። የመርሳት በሽታው መጀመሪያ እንግሊዝኛቸውን ወሰደ፣ ቀጥሎ የልጆቻቸውን ስም። ከባላቸው እጅ ካልሆነ ቁርስ አይበሉም፤ ሠራተኞቹ ማንኪያ ሲያቀርቡላቸው አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ስለዚህ ሽማግሌው ለሦስት ዓመት ያህል በየቀኑ ገና ሳይነጋ ከቤት ወጥተው፣ ቁርስ አብልተው ይመለሱ ነበር።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን ቀምተው ገፈተሯቸው። ጉልበታቸው ተላጠ፤ ከዚያ ሌላ የደረሰባቸው ጉዳት የለም። ፖሊስ መጣ፣ በጨዋነት አነጋገራቸው፣ ጻፈ፣ ሄደ። ሽማግሌው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጡም። እኔን ሲጠሩኝ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ከመጦሪያው እየተደወለ ባለቤታቸው እየከሱ መሆናቸው ይነገራቸዋል።

የጠሩኝ ብዙ ስለማነብ ነው። ብዙ የሚያነብ ሰው ስላላነበበውም ነገር ያውቃል ብለው ያምናሉ።

«ግባ። በሩን ቆልፈው። ታችኛውንም።»

ጠረጴዛው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ወረቀት ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ማመልከቻ። ለሽጉጥ ፈቃድ። አንተ ትተረጉምና ታስገባልኛለህ።»

«ይኼ የእኔ ስም ነው።»

«አንደኛ ዋስ ነህ። ሁለተኛዋ ታች ያለችው፣ ሆስፒታል ልብስ የምታጥበው። ሦስተኛው የሕንፃው ጥገና ሠራተኛ። ሦስታችሁም እስር ቤት ያልገባችሁ፣ ትዳር ያልፈታችሁ ናችሁ።»

«እኔ ፈትቻለሁኮ ጋሼ።»

«እሱን አልጻፍኩትም።»

በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ እህል ይነግዱ ነበር። በዚያ ዘመን መሣሪያ ለመያዝ ዋስ ይጠራሉ፣ ዋሱ ይፈርማል፣ ባለ መሣሪያው ቢያጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታየ ሰው ከኋላው ሦስት ሰው አለው ማለት ነበር። እኔ ደግሞ ሕጉን በአማርኛ ዘርዝሬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሙያዬ ስለሆነ።

«እዚህ እንደ እርስዎ ላለ ሰው አይሰጥም። መግዛቱም ታግዷል።»

«ሦስት ካነሰ አምስት ዋስ አመጣለሁ።»

«ችግሩ የዋስ አይደለም። እዚህ በዋስ አይሠራም።»

«ታዲያ ሰውን በምን ያምኑታል?»

ወሬ ለመቀየር ጉዞዬን አነሣሁ።

በዚያ ሳምንት ዳላስ ለክርስትና ልሄድ ቲኬት ቆርጬ ነበር። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው እግረ መንገድህን እይልኝ። ዓይነቱን እንወቅ፣ ፈቃዱ ሲመጣ እንዳንደናበር።» እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሌላ ከተማ ያሉት ልጆቻቸው፣ ቄሱ፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም አይሆንም ብሏቸው ነበር፤ ሁሉም አይሆንም ሲል ለምን አይሆንም ማለት የቆየ በሽታዬ ነው።

የአጎቴ ልጅ ከባድ መኪና ይነዳል። ክርስትናው ላይ በሱፍ ልብሱ ሥር ታጥቆ ነበር።

«ዳቦ ልገዛ ስወጣም አይለየኝም» አለኝ።

«ዳቦው ያጠቃሃል?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። እናንተ አገር ሰው ፖሊስ እስኪመጣ በጨዋነት ነው የሚሞተው።»

በማግስቱ መተኮሻ ቦታ ወሰደኝ። ሁለት ትንንሽ ሪቮልቨሮች አስቀረበ፤ ሁለቱም አምስት ጥይት ይጎርሳሉ። የአንደኛው መምቻ፣ ጥይቱን የሚመታው ብረት፣ ከኋላው ወጣ ብሎ ይታያል፤ ከካፖርት ኪስ ሲወጣ ገበሩን ይይዛል። የሁለተኛው መምቻ ተሸፍኗል፣ ኪስ ውስጥ ምንም አይነካም። ለቶሮንቶ ካፖርት ሁለተኛው ይሻላል አልኩ፤ እንደ ትልቅ አዋቂ። አምስቱን ጥይት ተኮስኩ። አራቱ ወረቀቱን እንኳን አልነኩም፤ አንዱ የተሳለውን ሰውዬ ትከሻ ጫፍ ላይ አገኘው። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ እስከ ማታ ይነዝረኝ ነበር።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ለጥቂት ደቂቃ ማንም የማይገፈትረኝ ሰው ሆንኩ። ሽማግሌው የፈለጉት ይህንን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ፍላጎት በፌዝ የሚያዩ ሰዎች አብዛኞቹ ተገፍትረው አያውቁም። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ከመሄዴ በፊት የአጎቴ ልጅ ቃታውን ለመሳብ ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ይህን ይዤ ተመለስኩ።

«ሻንጣ መመዘኛ አለዎት ጋሼ?»

«የሌለው ሐበሻ አለ?» ከመሳቢያ አወጡት፤ አገር ቤት ስንሄድ የሻንጣ ኪሎ እንዳይበልጥብን የምናንጠለጥልበት፣ መንጠቆ ያለው ትንሹ ሚዛን። እጀታውን እኔ ያዝኩ፣ መንጠቆውን በሌባ ጣታቸው እንዲስቡ ነገርኳቸው። ጣታቸው መገጣጠሚያው ላይ አብጧል። ሳቡ። ሦስት ኪሎ ተኩል። ከንፈራቸውን ነክሰው እንደገና ሳቡ። ሦስት ተኩል ሲደመር ትንሽ። በግራ እጃቸው ሦስትም አልሞላ።

«አጥብቀህ ይዘህብኛል።»

«ዝም ብዬ ነው የያዝኩት።»

«በሁለት ጣት ይሁና።»

«ቃታው ላይ ለሁለት ጣት ቦታ የለም።»

«ቃታው የሚላላ ዓይነት የለም?»

«አለ። እሱ ግን ትልቅ ነው፣ ኪስ አይገባም።»

ተቀመጡ። «ኪሴ የሚገባው አይተኮስልኝም፤ የሚተኮስልኝ ኪሴ አይገባም።»

«እንደዚያ ነው።»

መመዘኛውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ፣ «እኔኮ ልተኩስ አልነበረም» አሉ። «እንዲያውቁልኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰው እንዳለኝ።»

ወረቀቱን ይዤ ሁለተኛዋ ዋስ ጋ ወረድኩ። ፊርማዋ ስሟ ፊት ለፊት አለ።

«ፈርመሻል?»

«ጋሼ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። ለምን ነበር?»

«ለሽጉጥ። ዳላስ ድረስ ሄጄ ዓይነቱን አይቼላቸዋለሁ።»

«በስመ አብ! እኔ ለቤት ኪራይ መስሎኝ!» ወረቀቱን ቀምታኝ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ከዚያ መለሰችልኝ። «እና አሁን ዋስ ነኝ?»

«ነሽ።»

«ለምንድን ነው ታዲያ አንተ ዳላስ ድረስ የሄድከው? ነገ ከሥራ በፊት መጦሪያው ድረስ እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

ስንት መጽሐፍ አንብቤ ይህ አልታየኝም። በማግስቱ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። የጥገና ሠራተኛው የራሱን ቀኖች ወሰደ፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል እሱ በደንብ አንብቦ ነው የፈረመው፣ አስተያየትም አልሰጠም። እኔም የራሴን ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሁለተኛው ግማሽ ሳህን አጃ በሉ። በእኔ ተራ ጨርሰው በሉና ማንኪያውን አልለቅም ብለው ያዙ፤ ሽማግሌው እስኪለቁላቸው በትዕግሥት ጠበቁ።

ሽማግሌው ፍርሃታቸው አልጠፋም። ከኋላችን ኮቴ ሲሰሙ አሁንም እጄን ጨመቅ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የጣታቸው ጉልበት ከሦስት ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ይመስለኛል። እኔም ጀግና አይደለሁም። ሁለት ጎረምሳ ቢመጣ ስልኬን ራሴ አውጥቼ የምሰጥ ሰው ነኝ። እስካሁን ግን ሁለት ሆነን ስንቆም የመጣብን የለም።

ባለፈው ወር የጥገና ሠራተኛው ሥራ አግኝቶ ወደ ሃሚልተን ከተማ ሄደ። ከቀኖቹ አንዱን ልብስ አጣቢዋ ሸፈነችው። ሐሙስ ግን ቀረ፤ እኔ ሐሙስ ማለዳ ችሎት አለኝ። ሁለት ሐሙስ አለፈ። ሁለቱንም ሽማግሌው በሩን ቆልፈው፣ ታችኛውንም ቆልፈው ቤት ዋሉ፤ ባለቤታቸው ሁለቱንም ቀን ቁርስ አልበሉም።

ዌስተን አካባቢ የምትኖሩ፣ ጠዋት መነሣት የምትችሉ ሰዎች፦ ስለ ሽጉጥ ያላችሁን አስተያየት ቤት ተዉትና፣ ሐሙስ በእኛ ሰዓት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ኑ፤ ልብስ አጣቢዋ ወደ ሥራ ስትሄድ ሽማግሌውን እዚያ ታገናኛችኋለች። አንድ ሰው ይበቃል። ኑ።