ክንድ ስጠኝ

ጎረቤቱ ሁሉ «ካውያ» ነው የሚላት። በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስለምትተኩስ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ሲነካኩት ስለሚያቃጥል ነው። ባሏ ቆርቆሮ መቺ ነው። ጣሪያ ያለብሳል፣ አሸንዳ ያበጃል፤ ሲናገር ግን ድምፁ ከመዶሻው በብዙ ያንሳል። እንዴት እንደተጋቡ የሚጠይቃት ሰው ካለ፣ «ብረት ለብረት ተገናኘን» ብላ ታልፈዋለች።

ሁለቱም አማኞች ናቸው። እሱ ሲጸልይ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እሷ ስትጸልይ የሰማ ግን ካልገላገሏት የምትማታ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ጓዳቸው ኦና በሆነባቸው ጊዜያት እንኳ «እግዚአብሔር ጣለን» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሲመጣ ግን የማነጋግረው ነገር አለኝ» ነበር የምትለው።

የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረው ትልቅ ጉባኤ በተጠራበት ሰሞን ነው። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ የጌታ ቤት እያፈሰሰ እንዴት አድርገን እንግዳ እንቀበላለን?» አለው። ባሏ ዋጋ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ በረንዳው የሚያንሸራትት ሴራሚክ ስለሆነ መሰላሉን የሚይዝለት ሰው። የመዘምራኑ መሪ፣ ደረቱ የሰፋ ጎልማሳ፣ «እኔ አለሁልህ» አለና ያዘለት።

ባሏ ላይ ሆኖ ቀዳዳ ሲደፍን ወንበር የጫነ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ሰብሳቢው ከታች ተጣራ። «ና፣ ወንበሩን እናራግፍ። እሱን እግዚአብሔር ይጠብቀዋል።» የመዘምራኑ መሪ መሰላሉን ለቆ ሄደ። ከላይ ያለው ይህን አላየም። ሥራውን ጨርሶ ሊወርድ እግሩን ሲያሳርፍ መሰላሉ ከሥሩ ሸሸ።

«እግዚአብሔርን ዘበኛ አድርገው ቀጥረውት ነው ወንበር ሊያራግፉ የሄዱት!» ትላለች ካውያ፣ ዛሬም ነገሩ በተነሳ ቁጥር። ጉባኤው ሳይስተጓጎል ተካሄደ። ጣሪያውም ጠብ አላለም። ባሏ ከሆስፒታል የተመለሰው ግን ከወገቡ በታች የማይታዘዝ አካል ይዞ ነው።

ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። ብርቱካን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፣ አልጋውን ከበው ይዘምራሉ፣ ጥቅስ ይጠቅሳሉ፣ «ምክንያት አለው» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንዲት እህትማ ጎንበስ ብላ በሽተኛውን፣ «ወንድሜ፣ ያልተናዘዝከው ነገር ይኖር ይሆን?» አለችው። ካውያ ፌስታሏን መልሳ አስታቀፈቻት። «ኃጢአቱ የሰው ቃል ማመኑ ነው። ተናዟል። በሩ እዚያ ነው።»

«ተይ እንጂ» አላት ባሏ ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ። «ለመልካም ብላ ነው።»

«ለመልካም ብላ ቁስልህ ላይ ጨው ነሰነሰች!»

ቁስል የሚለው ቃል ያስፈራት ነበር። ነርሷ ስትሸኛቸው አስጠንቅቃታለች፦ ቀኑን ሙሉ በጀርባው ከተኛ ገላው ይቆስላል፣ ከቆሰለ ደግሞ ነገሩ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት። ካውያ አንሶላ አጥፋ ከሥሩ አንሸራታ፣ እሱን ስባ ማገላበጡን ለምዳለች። በአንሶላ ማን ይችላታል! ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገሩ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብቻዋን የሞከረች ቀን ተያይዘው ወደቁ። ወለሉ ላይ ተቃቅፈው ተኝተው እሱ ሳቀ፣ እሷ አለቀሰች። ሥራዋን ትታ እንዳትቀመጥ ደግሞ የቤቱ እንጀራ ያለው በእሷ ካውያ ላይ ነው።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄደች። ጸሎት ቤቱ አጠገብ ባለው ቢሮው፣ ጠረጴዛው ላይ የመስተዋት አበባ ማስቀመጫ አለ፤ እሱን እያየች ነው የተናገረችው፣ ፊቱን ካየች ቁጣዋ እንዳይቀድማት ብላ።

«ጋሼ፣ ገንዘብ አልጠየቅሁም። በየጠዋቱ አንድ ወንድ ይላኩልኝ። አንድ መዝሙር ተዘምሮ እስኪያልቅ ብቻ። ባሌን አንስቶ ያስቀምጥልኝና ይሂድ።»

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እህቴ» አለ ሰብሳቢው። «እንጸልይበታለን።»

ጸለዩበትም። እሑድ ሰብሳቢው መድረክ ላይ ወጥቶ የባሏን ስም ጠርቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን አዘጋጅ!» ሲል አዳራሹ በአሜን ተናወጠ። ካውያ ዓይኗን አልጨፈነችም። ዙሪያዋን አየች፤ በዚያ አዳራሽ ስንት ጤነኛ ክንድ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ነበር! ደሟ ፈላ። «እጃቸውን ወደ ላይ ከሚያነሱ ባሌን ቢያነሱት ምን ነበረበት!» አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ጠዋት ሰዓቱ ረፍዶባት፣ ባሏን ግማሽ ድረስ አንስታ አቅም አጣችና መልሳ አስተኛችው። አልጋው ሥር ተንበረከከች። ስትጮህ ግድግዳው ነዘረ።

«ክንድ ስጠኝ ነው ያልኩህ! መዝሙር አልጠየቅሁህም፣ ብርቱካን አልጠየቅሁህም! ትሰማኛለህ ወይስ አንተም ልትጸልይበት ነው?»

በሩ ተደበደበ። ከፍታ ስታይ የቆመው የጎን ጎረቤታቸው፣ እህል መጋዘን የሚሠራው ተሸካሚ ነው። ሰፈሩ «በርሜል» ይለዋል፤ ወገብና ትከሻው እኩል ስለሆነ፣ ማታ ማታም ሞልቶ ስለሚገባ። ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። በሰካራም ዘፈኑ እንቅልፍ ሲነሳት ግድግዳውን በጫማ የምትደበድበው እሷ ነበረች።

«ማነው የሚመታሽ?» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ።

«ማንም አልመታኝም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው ይህ ሁሉ ጠብ?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

በርሜል ጥቂት አሰበ። «በዚህስ እኔ ሽማግሌ ልሆን አልችልም» አለ። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አልጋውን፣ ወንበሩን፣ ላብ ያጠመቀውን ሰው አየ። ሌላ አልጠየቀም። ገባ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ አንድ እጁን ከጀርባው አንድ እጁን ከጭኑ ሥር አስገባ፤ ባሏን እንደ እንቁላል አንስቶ ወንበሩ ላይ አሳረፈው። ከአፉ የትናንቱ መጠጥ ይሸታል።

«ነገም ይነሳል?» ሲል ጠየቀ።

«በየቀኑ» አለች።

«ይነሳላ።»

በየቀኑ መጣ። አንዳንዴ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ አንዳንዴ እየተነጫነጨ፣ ግን መጣ። ባሏና እሱ ተላመዱ፤ ስለ ጭነትና ስለ ቆርቆሮ ሲያወሩ ካውያ ለሥራ ትወጣለች። የባሏ ገላ ሳይቆስል ቀረ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰው ባልዲና ማንቆርቆሪያ መጠገንም ጀመረ።

ይህን ጊዜ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት። ሰብሳቢው ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ የመዘምራኑ መሪ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ አደጋ ወዲህ ወደ ቤቱ ብቅ ሲል የመጀመሪያው ነው።

«ስለ አንድ ነገር ልንመክራችሁ ነው» አለ ሰብሳቢው ተመቻችቶ ከተቀመጠ በኋላ። «ያ ጠጪ ሰውዬ ገባ ወጣ ሲል ሰው ያያል። ለምስክርነታችሁ ጥሩ አይደለም። እግዚአብሔር ሲያዘጋጅ በንጹሕ እጅ ነው የሚያዘጋጀው።»

ካውያ አፏን ከፈተች። ነገር ግን የቀደማት ባሏ ነው፤ ያ በዘመኑ ሁሉ «ተይ» እንጂ ሌላ የማይለው ሰውዬ።

«ንጹሕ እጅማ ነበረ» አለ በዚያችው ዝቅ ባለች ድምፁ። «መሰላሉን ለቆ ሄደ እንጂ።»

የመዘምራኑ መሪ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ሲጠርግ ካውያ ተነሳች።

«ጋሼ፣ አዘጋጅ እያሉ የሚለምኑት ለምንድነው? እሱ እኮ አዘጋጅቶ ጨርሷል! የእኛን ድርሻ እርስዎ እጅጌ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። አላወጣም ሲሉት ከጎረቤት አመጣው። እኔ ሰው ሲጥለኝ እንጂ እሱ ሲጥለኝ አላየሁም። በሉ፣ የሚያነሳ ካለ ጠዋት ይምጣ። የሚመክር ከሆነ ግን ምክር ሞልቶናል፣ የምናስቀምጥበትም የለን!»

ሰብሳቢው «በቁጣ ውስጥ መንፈስ የለም» ብሎ ወጣ። ሁለቱ ተከተሉት። የመዘምራኑ መሪ በሩ ላይ ቆም አለ፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን አየና እሱም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ግን በርሜል ሲመጣ የመዘምራኑን መሪ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘው። ገብተው ሁለት ሆነው ሲያነሱ የመዘምራኑ መሪ ወገቡን አጎንብሶ ሊጎትት ሲል በርሜል ጮኸበት። «ጉልበትህን እጠፍ! በወገብህ ካነሳህ ነገ አንተንም ላነሳህ ነው!» የመዘምራኑ መሪ ጉልበቱን አጠፈ። ባሏን ወንበሩ ላይ ካሳረፉት በኋላ እዚያው እንደተንበረከከ ቀረና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ባሏ ራሱን ዳበሰለት። ካውያ ግን አልዳበሰችም። «ነገ በሰዓቱ ና» ብቻ ነው ያለችው። መጣም።

ሰብሳቢው ዳግመኛ ደጃፋቸውን አልረገጠም። እሑድ እሑድ አሁንም መድረክ ላይ ቆሞ ስለ እግዚአብሔር አቅርቦት ይሰብካል። ካውያም አሁንም ፊት ለፊት ተቀምጣ አፍጥጣ ታየዋለች። «እንዴት አስችሎሽ ትሄጃለሽ?» ሲሏት፣ «ቤቱ የአባቴ ነው። አንድ ሰው አናደደኝ ብዬ ከአባቴ ቤት አልወጣም» ትላለች።

ዝናቡ በበረታበት ወር በርሜል ሳይመጣ ቀረ። የመዘምራኑ መሪና ካውያ እንደምንም ባሏን ካነሱት በኋላ እሷ ግድግዳውን በጫማዋ መታች። መልስ የለም። ሄዳ በሩን ስትገፋው ትኩሳት አጋድሞታል፤ አልጋው ላይ ያለችው አንሶላ የተባለች ጨርቅ ናት፣ ውኃ የሚያቀብለው ሰው የለም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስታነሳን እንዲህ ስትሆን አትጠራም? ምን ያለኸው ድንጋይ ነህ!» ብላ ጮኸችበት። ሆቴል ሄዳ ለአለቃዋ ዛሬ እንደማትገባ ነገረች፤ አለቃዋ ሲያጉረመርም እሷ ባሰችበትና መለሰችለት። ሐኪም አመጣች፣ አንሶላውን ቀየረች፣ ሾርባ ሠራች።

ባሏ ደግሞ ከወንበሩ ሆኖ፣ «እኔንም ወደ እሱ ውሰዱኝ» አለ።

«አንተ ሄደህ ምን ታደርግለታለህ?»

«አጠገቡ እቀመጣለሁ። እሱ የተቀመጠልኝን ያህል።»

የመዘምራኑ መሪ ከኋላ ገፋ፣ እሷ ከፊት ሳበች። የበርሜል በር ጠባብ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበሩ ደፉ ላይ ተቀረቀረ። ካውያ በሩን የሠራውን አናጢ፣ ቤቱን ያከራየውን ሰውዬ፣ ዝናቡን ሳይቀር በየተራ ሰደበች። በመጨረሻ ሁለቱ ወንበሩን ከነሰውዬው አንስተው አስገቡት። ባሏ ብርጭቆውን ይዞ ጎንበስ ብሎ፣ የበርሜልን ራስ በክንዱ ደግፎ ውኃውን በትንሽ በትንሹ አጠጣው። ካውያ በሩ ላይ ቆማ እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች አየቻቸው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለዚህች ጊዜ ጸሎቷ ድምፅ አልነበረውም።