ታምቡር ማውጫ ፍለጋ ከደሴ አስመራ

ሰኞ ንጋት ላይ ከደሴ ተነሣሁ። የአባቴ አሮጌ የጣሊያን መኪና የኋላ ፍሬን ታምቡሩ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ከቆመች ዓመት አልፏታል። መካኒኮች በመዶሻ ሊያወጡት ሲሉ አባቴ "ይሰነጠቃል!" ብሎ ከለከላቸው። ማውጫ መሣሪያውን በእጁ የሚሠራ አንድ ሰው ያውቃል፤ በወጣትነቱ አስመራ ጋራዥ አብሮት የሠራው ተስፋይ። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ልኩን ለመውሰድ ታምቡሩን ከሰል ቀብቼ ወረቀት የጫንኩበት እኔ ነኝ። ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብለው ታተሙ።

መቀሌ አድሬ ማክሰኞ አዲግራት ላይ ጥሕሎ በላሁ። የገብሱን ድብልብል በእንጨት እየወጋሁ ወጡ ውስጥ ስነክር አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ "ቀስ በይ፣ ያቃጥላል!" ብለው ሳቁብኝ። ድንበሩን ተሻግረን ሰንዓፈን ካለፍን በኋላ ግን ወታደሮች ሦስት ጊዜ አስወርደው ፈተሹን፤ አውቶቡሱ ውስጥ ጨዋታው ሁሉ ጠፋ።

ረቡዕ፣ ዓዲ ኣበይቶ፣ አስመራ ዳር

የአቦይ ተስፋይ ግቢ በብረት ቁርጥራጭ የተሞላ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ለኩ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቴን ስም ስነግራቸው ወረቀቱን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።

"በሕይወት አለ?"

"አለ፤ ዓይኑ ደከመ እንጂ። ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ያወራል።"

"ለአንቺ ነው የሚያወራው፣ ጓለይ። እኔ ሃያ ዓመት አልሰማሁትም።"

ከወደቀ ካሚዮን ባሌስትራ፣ ከጎማው በላይ ከሚታጠፈው ጠፍጣፋ ብረት፣ ቆርጠው፣ አግለው ቀጠቀጡ። በወረቀቱ ልክ ሦስት ቀዳዳ በሱ፤ መሐሉ ላይ ረጅም ብሎን አስገቡ።

"ብሎኑ ዘንጉን ሲገፋው ታምቡሩ ይመጣል" አሉኝ። "ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት ነው።"

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አርብ ጠዋት እስከ ፌርማታው ሸኙኝ።

"ለአባቴ ምን ልበልልዎ?"

የመሣሪያውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው አቀበሉኝ። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ እዚያው ቆመው አየኋቸው።

ቅዳሜ፣ ደሴ

ጎረቤታችን መካኒኩ ብሎኑን ቀስ እያለ ሲያጠብቀው ታምቡሩ ጧ ብሎ ወጣ። ሰፈሩ አጨበጨበ። አባቴ ግን ወደ መኪናዋ አልዞረም፤ መሣሪያውን ተቀብሎ ጠርዙን ደጋግሞ ዳሰሰ።

"ተስፋይ ዛሬም ሞርዶ ያለሰልሰዋል፤ የሰው እጅ እንዳይቆርጥ" አለ። ቆየት ብሎም፣ "መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነገ ስል አፈርኩና ቀረሁ።"

እኔ የናፈቀችው መኪናዋ ትመስለኝ ነበር።

"የአስመራው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" ሲል ጠየቀኝ።

ነገርኩትና ልብሱን ላጣጥፍለት ገባሁ።