«እናንተ አውቶቡስ ውስጥ ቆዩ»

የዓይነ ስውራን ጉባኤ ደብረ ብርሃን ላይ ሊካሄድ ነው ሲባል የዝግጅት ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ችሎታዬ ተመዝኖ አይደለም። ከሰባቱ አባላት ቢያንስ ሁለቱ የማያዩ ይሁኑ የሚል መመሪያ ስለነበረ ነው። አንዷ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር የሆነች ሴት ነበረች፤ ሌላው እኔ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። አምስት ዓመት ሲሆነኝ ኩፍኝ ዓይኔን ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ዓለምን በጆሮዬ፣ በእጄና በእግሬ አውቃታለሁ። የቀሩት አምስቱ አባላት የሚያዩ ነበሩ፤ ማየታቸውንም እንደ ሥራ ልምድ የሚቆጥሩ ዓይነት ሰዎች።

ሰብሳቢያችን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ከወጣም በኋላ ይቆያል። በመጀመሪያው ስብሰባ ሻይ ሲመጣ ከጎኔ ወደተቀመጠችው ኦፕሬተር ዞረና፣

«መምህሩ ስንት ስኳር ነው የሚፈልጉት?» አላት።

«ጌታዬ፣ እኔም አላይም» አለችው። «ግን እሳቸውን ቢጠይቋቸው ይመልሳሉ። አፋቸው ደህና ነው።»

«ሁለት» አልኩ። ሦስት ጨመረልኝ። ሰው ሲያዝንልኝ ሁልጊዜ ስኳር ያበዛብኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የጉባኤውን ረቂቅ ፕሮግራም አነበበልን። በብሬል ለምን እንዳልተዘጋጀ ስጠይቅ፣ «ይነበብላችኋል እኮ!» አለ፣ ትልቅ ስጦታ እንደሰጠን ሁሉ። የመጀመሪያው ቀን በንግግሮች ይከፈታል። ከንግግሮቹ በኋላ «ጨለማውን እንቅመሰው» የሚባል ልምምድ አለ፤ ባለሥልጣናት ዓይናቸውን በሻርፕ ታስረው ጥቂት እርምጃ ይራመዱና የተሰማቸውን ለካሜራ ይናገራሉ። ጨለማ ይቀመሳል እንዴ? ስንት ዓመት ስኖርበት እኔ ጣዕሙን አላውቀውም። ከዚያ ለተሳታፊዎች ጥቁር መነጽር ይታደላል። የመነጽሩን ጥቅም ብጠይቅ፣ «ለውበት» ተባልኩ። ሁለተኛው ቀን ተሳታፊዎች አሳዛኝ የሕይወት ታሪካቸውን በዋሽንት ታጅበው ይናገራሉ። ሦስተኛው ቀን አንኮበር ይኬዳል፤ ወረቀቱ ላይ «የተፈጥሮ ውበት ምልከታ» ተብሎ ተጽፏል።

«ማነው የሚመለከተው?» አልኩ።

ሰብሳቢው ትንሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ዳገት ነው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል። ለደኅንነታችሁ ሲባል እናንተ አውቶቡስ ውስጥ ትቆያላችሁ። እኛ ወጥተን፣ አይተን፣ ተመልሰን እንነግራችኋለን።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። አርባ ሰው ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ ተጉዞ፣ ቆሞ የሚጠብቅ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ሌሎች ሰዎች ገደል አይተው እስኪመለሱ ይጠብቃል ማለት ነው። ኦፕሬተሯ ሳቋን ለመዋጥ ሻይዋን ስትጎነጭ ሰማኋት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የማያይ ሰው ዳገት የሚወጣው በእግሩ እንጂ በዓይኑ እንዳልሆነ፣ ነፋስና የጥድ ሽታ ዓይን እንደማይፈልጉ አስረዳሁ። ድምፅ ተሰጠ። አምስት ለሁለት ተሸነፍን።

በምትኩ ሁለተኛውን ቀን ሰጡኝ፤ ዋሽንቱን አስቀርቼ የራሴን ዝግጅት አስገባሁ። ደወል ያለው ኳስ ጨዋታ፣ ጠጠሮቹ ጉድጓድ ውስጥ የሚተከሉበት ቼዝ፣ ከሁሉም በላይ የብሬል ንባብ ውድድር። በዚህ ውድድር በጣም ኮርቼ ነበር። ስንወጣ ኦፕሬተሯ ክንዴን ይዛ፣

«ጋሼ፣ ከእነዋሪና ከደነባ ገጠር፣ ከቆላው የሚመጡትስ? ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ያን ቀን ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ።

«ያዳምጥ» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀች። አሁን ሳስበው፣ ያ ቃል ከሰብሳቢው አፍ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሳምንት ሙሉ ስሳለቅበት እከርም ነበር።

ጉባኤው ሲከፈት አዳራሹ እንደ ጥር ጠዋት ይቀዘቅዝ ነበር። ንግግሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሁሉም «ዓይነ ስውርነት አለመቻል አይደለም» ብለው ጀምረው ምን ምን እንደማንችል በመዘርዘር ያልቃሉ። ከዚያ ጨለማ የሚቀመስበት ሰዓት ደረሰ። ስምንት ባለሥልጣናት ተሰለፉ። ሻርፑን የምታስረው ኦፕሬተሯ እንድትሆን ተወስኗል፤ ለፎቶ ያምራል ብለው ነው። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት ከጠረጴዛ ላይ አንድ የብረት ትሪ አንስታ፣ በአዳራሹ መተላለፊያ መሀል ወለሉ ላይ አኖረችው፤ ብረቱ ወለሉን ሲነካ ሰማሁት። ያዩ ሰዎች የልምምዱ አካል መስሏቸው ነው መሰለኝ ማንም አላነሳውም።

ሰብሳቢያችን መጀመሪያ ሄደ። «የሚታይዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው ካሰረችው በኋላ። «ምንም! ድቅድቅ ጨለማ!» አላት። እርምጃውን ቆጠርኩ። ትሪው ካለበት ስፍራ ሲደርስ ጫማው ወደ ግራ ዞረ፣ አለፈ፣ ተመልሶ ቀጥ አለ። ሁለተኛው እንዲሁ። ሦስተኛውም። ስምንቱም አለፉ። ወንበር ላይ ያሉት የሚያዩ ሰዎች መንሾካሾክ፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመሩ። ሰብሳቢው ግን ማይክ ይዞ እንባ በተናነቀው ድምፅ፣ «ዛሬ የእናንተን ዓለም ኖርኩበት» እያለ ነበር።

ኦፕሬተሯ ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ስምንት ሰው አለፈ፤ ትሪው አንድ ጊዜም አልጮኸ» አለችኝ።

ከኋላችን አንድ ሰው ከሆዱ ሳቀ። «አልሃምዱሊላህ፣ አገር ጤና ነው! ስምንቱም ደህና አድርገው ያያሉ።» ዘወር ብዬ ሰላም አልኩት። ከአልዩ አምባ በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በርበሬና ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ዓይናቸው ጎልማሳ ሳሉ ቀስ በቀስ የጠፋ። እጃቸው እንደ ገመድ ሻካራ ነው። ወረዳው መኪና ልኮላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንኮበር ድረስ በእግሬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ነው መኪና የያዝኩት» አሉኝ።

«ማን መራዎት?»

«አህያዬ። ጭነቷን ከኋላ ይዤ እወጣለሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር እንዲሁ ነው። አህያዋን ዘመድ ቤት አስሬያት መጣሁ።»

አላመንኳቸውም። እውነቱን ለመናገር ያጋነኑ መሰለኝ። «ማንበብ ይችላሉ?» አልኳቸው። «ቁርአን በቃሌ አለኝ እንጂ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «ነገ እንግዲህ የብሬል ውድድራችንን ያዳምጣሉ» አልኳቸው፣ ሰብሳቢው ለእኔ ስኳር በጨመረበት ድምፅ። እሳቸውም «ኢንሻአላህ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ውድድሩ ተጀመረ። እኔ ማሳያ እንዲሆን ቀድሜ አንድ ገጽ አነብ ዘንድ ወጣሁ። ብሬል ያነበበ ሰው የሚያውቀውን ነገር፣ የዚያን ሁሉ ዓመት አስተማሪ እኔ ረስቼው ነበር፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ማለዳ ጣት ደንዝዞ ነጥብ አይሰማውም። ወረቀቱ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ነጥቦቹ የሉም። ወደ መሀል ጣቴ ብቀይር፣ ሌላ እጄን ብሞክር ያው ነው። አርባ ሰው ይጠብቃል። አንድ ቃል አነበብኩ፣ ሁለተኛውን ተሳሳትኩ፣ ሦስተኛውን ፈጠርኩት።

ከኋላ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እጅህን ብብትህ ውስጥ ክተተው። ቁጭ በል፤ ማንም አይቸኩልም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ጭምር። እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ መድረኩ ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ። ከዚያ ተነስቼ አነበብኩ፤ ደህና አነበብኩ። ከዚያ በኋላ የወጣ ተወዳዳሪ ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነበር የሚጠብቀው። በዚያ ቀን ለውድድሩ የጠቀመ ብቸኛ ምክር ያዳምጥ ካልኩት ሰው የመጣ ነው። ሲያልቅ ሄጄ ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር። አፍሬ ቀረሁ።

ሦስተኛው ቀን አንኮበር ገባን። አውቶቡሱ ከኮረብታው ግርጌ ቆመ። ሰብሳቢው ከፊት ቆሞ፣ «ውድ ተሳታፊዎች፣ አሁን ለደኅንነታችሁ…» ብሎ ያንን ያዘጋጀውን ቃል ተናገረ። ውሃና ብስኩት እንደሚታደል፣ ሙዚቃ እንደሚከፈት ነገረን። ከዚያ እሱና የሚያዩት የኮሚቴ አባላት፣ ፎቶ አንሺውም ጭምር፣ ወረዱ። በሩ ተዘጋ። ሙዚቃው ተከፈተ።

ብስኩቱ ከወንበር ወንበር ታደለ፤ ሁሉም ተቀበለ። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ እኔም ብስኩቱን ያዝኩ።

«ሹፌር» አሉ ሽማግሌው። «ሙዚቃውን ዝጋና በሩን ክፈትልኝ።»

«አባቴ፣ እንዳይወርዱ ተብያለሁ።»

«ልሸና ነው።»

በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ወርደው ትንሽ ቆሙና ወደ ውስጥ ጮኹ። «ነፋሱ ደህና ነው፣ ድንጋዩ ደርቋል። ያዳልጣል ያላችሁ ማነው? መውጣት የሚፈልግ ይውረድ። አንዱ የፊተኛውን ትከሻ ይያዝ። የፊተኛው እንቅፋት ሲያገኝ ‹ድንጋይ› ይበል፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ይውረድ። ቀስ እንላለን፣ ቢስሚላህ።»

ኦፕሬተሯ መጀመሪያ ወረደች። እኔ ሁለተኛ። ከእነዋሪ የመጡት ተከተሉ፣ ከደነባም። ጉልበታቸው የደከመ ጥቂቶች ሲቀሩ ሌላው ሁሉ ወረደ። ሹፌሩ «ጉድ ሊያደርጉኝ ነው!» እያለ ከኋላችን መጣ።

ዳገቱ ቀላል አልነበረም፤ ሰብሳቢው እዚያ ላይ አልዋሸም። ግን የድንጋዩ መንገድ ለእግር ግልጽ ነው፤ ዳሩ ላይ ሣር አለ፣ ሣር ስትረግጥ ትመለሳለህ። «ድንጋይ» ይላሉ ሽማግሌው በዘንጋቸው እየነኩ። «ድንጋይ» ትላለች ኦፕሬተሯ። «ድንጋይ» እላለሁ እኔ። ቃሉ ከኋላዬ እየወረደ፣ እየራቀ፣ ጭራው ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ጥዱ ሸተተኝ። ትንፋሼ አጠረ። በሕይወቴ ሰው ትከሻዬን ይዞ እኔን አምኖ ሲከተለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁልጊዜ ተጎታቹ እኔ ነኝ።

ግማሽ መንገድ ላይ የሽማግሌው ዘንግ የሆነ ነገር ነካ።

«ድንጋይ» አሉ።

«ድንጋይ አይደለሁም!» አለ የሰብሳቢው ድምፅ፣ እያለከለከ። ሽቶው በላብ ተለውጦ ነበር።

«ታዲያ መንገድ ላይ ምን አስቀመጠዎት?»

«ትንሽ… እያረፍኩ ነው። እናንተ እንዴት መጣችሁ? ማን ፈቀደላችሁ?»

«እግራችን» አለች ኦፕሬተሯ።

ቃሉ ግን ቀድሞ ወርዶ ነበር። ከኋላ «ድንጋይ»፣ «ድንጋይ» እያለ ሰልፉ በሙሉ በተራው በሰብሳቢው ጎን አለፈ። አንድ የእነዋሪ ሰው አውቆ ነው መሰለኝ፣ «ትልቅ ድንጋይ» አለ።

ጫፉ ላይ ነፋሱ ጋቢያችንን ያንቀሳቅሰው ነበር። ከታች የሚመጣው አየር ሞቅ ይላል፤ ቆላው ሲተነፍስ ነው ይላሉ ሽማግሌው። ሰብሳቢው በኋላ ደርሶ ማዕረጉን ለመመለስ ማብራራት ጀመረ። «ወዳጆቼ፣ ከፊታችን ገደል አለ። እጅግ ያምራል። በስተ ቀኝ ተራራ አለ። በስተ ግራም ተራራ አለ።»

«ስሙ ማነው?» አለ አንዱ።

«ተራራው?»

«አዎ።»

ሰብሳቢው ፎቶ አንሺውን በሹክሹክታ ጠየቀው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። የትኛው ቁልቁለት የት እንደሚያደርስ፣ የአልዩ አምባ ገበያ በየት በኩል እንደሆነ፣ በርበሬ የሚደርሰው በማን መሬት ላይ እንደሆነ፣ በዝናብ ጊዜ ውሃው የቱ ጋ እንደሚጮህ። የሚያዩት ሰዎች እየተመለከቱ «እውነት ነው፣ እዚያ አለ» ይሉ ነበር። አይተው እንዲነግሩን የወጡት ሰዎች ተነግሯቸው አዩ።

ስንወርድ በመጨረሻ አፌን ከፈትኩ። «አባቴ፣ ከትናንት ወዲያ ስለተናገርኩዎት ነገር አዝናለሁ» አልኳቸው።

«የቱን?» አሉ። አስታውሰው ይሁን ረስተው አላውቅም። መድገም ስላቃተኝ ይቅርታዬ እዚያው ቀረ።

ሰው አልወደቀም። ፎቶ አንሺው ብቻ ወደ ኋላ እየሄደ ሊያነሳን ሲል እሾህ ላይ ተቀመጠ። የጉባኤው ሪፖርት ግን ከአንድ ወር በኋላ ሲነበብልኝ፣ «ተሳታፊዎች በኮሚቴው የቅርብ ድጋፍና መሪነት የተፈጥሮ ውበት ምልከታ አድርገዋል» ይላል። አያይዘው የላኩት ፎቶ እንዳለም ነገሩኝ፤ ሰብሳቢው የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ቆሟል አሉ። ያን ቀን ማን በማን ክንድ ተደግፎ እንደቆመ ከማለክለኩ እኔ አውቃለሁ።

የሚቀጥለው ጉባኤ ኮሚቴ ሲዋቀር ሰብሳቢው ያው ሰው ሆነ፤ ጥሩ ሪፖርት ስለጻፈ ይሆናል። እኔ በቦታዬ ሽማግሌው እንዲገቡ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ኦፕሬተሯም ደገፈች። ስልክ ደውዬ ነገርኳቸው። መስመሩ ላይ የገበያ ጫጫታ ነበር፤ አንድ ሰው የበርበሬ ጥራት ላይ ይከራከራቸዋል።

«ስብሰባ?» አሉኝ። «ስንት ሰዓት ያስቀምጣል?»

«ግማሽ ቀን ያህል።»

«ወላሂ አልችልም ልጄ። ስቀመጥ እግሬ ያብጥብኛል። አንተ ግን በዚህ በኩል ና፤ ቁልቁለቱን ላሳይህ።»