የእማማ አስካለ ደም አዲስ አበባ ገባ

ዛሬ የስኳር ሕመም ክፍላችን ውስጥ እልልታው ቀለጠ። እልል ያሉት ከሸኮ ለክትትል የሚመጡት እማማ አስካለ ናቸው።

ለጥናታችን የሰጡትን ደም በበረዶ ሳጥን ከሚዛን ከተማ አዲስ አበባ ልኬው ነበር። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ኢንሱሊን የሚለካ መሣሪያ ያለው እዚያ፣ ተመራማሪዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ላብራቶሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር፣ ዘመድ እንደሸኘ ሰው፣ "ልጄ፣ ደሜ በሰላም ገባ?" ይሉኛል።

(እኔም ሳጥኑ ጣራ ላይ አይጫንም ብዬ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ተጨቃጭቄ ነው የላክሁት።)

ዛሬ ውጤቱ መጣ። ጭራሽ አቁሟል ብለን የፈራንለት ሰውነታቸው አሁንም የራሱን ኢንሱሊን ይሠራል።

እልልታው ሲበርድ፣ "ደሜስ አዲስ አበባን አየ፤ እኔን መቼ ነው የምትልከኝ?" አሉ።

እናንተስ ልካችሁ "ገባ ወይ?" እያላችሁ የተጨነቃችሁለት ምን ነበር? ጻፉልኝ፤ ለእማማ አነብላቸዋለሁ።